እርጥቡ ቆሎ

ያዙ። ገብስ ቆሎ ነው። እየዘገናችሁ ሳሕኑን አዳርሱ። ኩራዙንም አጥፉት፤ ለመስማት መብራት አያስፈልግም። እየቆረጠማችሁ ስሙኝ። አፉን ዘግቶ የሚያዳምጥ ሰው አልወድም። ለምን እንደማልወድ ኋላ ይገባችኋል።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። ፀሐይ ገብታለች፣ ግን ገና አልጨለመም። ከፊት የሚመጣው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። መንገዱ አንድ ነው። ከጫካ ይወጣል፣ ከአንዲት ከተማ በር ይደርሳል፣ እዚያው ያበቃል። ግራና ቀኙ ረግረግ ነው፤ ረግረጉ እንደ ሰነበተ ቁስል ይሸታል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሞ ያየዋል።

የቆመው ደምለው ይባላል። የሚመጣውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ይድረስ።

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብታውቁት ምን ታደርጉበታላችሁ? ልትሄዱባት ነው? የድሮ ከተማ ናት። ፊቷን ለሜዳው፣ ጀርባዋን ለጫካው ሰጥታ የተቀመጠች። በጫካው በኩል መስኮት ያለው አንድም ቤት የለባትም። ግን የምትኖረው በጫካው ነው። ማሩ ከዚያ ነው፣ ሙጫው ከዚያ ነው፣ ዝባዱ ከዚያ ነው። ጎረምሶቿ ጫካ ገብተው ይወጣሉ፤ ሲወጡ ጠጅ ቤት ተቀምጠው ጀብዱአቸውን ያወራሉ። ያንን ገደልኩ፣ ከዚያኛው አመለጥኩ እያሉ ያመሻሉ። ግማሹ ውሸት ነው።

እውነተኛው ግማሽስ? በክርኑ የሚሄድ አውሬ አለ። ቆዳው ከላዩ እየተንሸራተተ፣ እንደ ሰፊ ሱሪ እየጎተተ መልሶ የሚለብሰው አለ። ማታ ማታ እየወጡ የከተማዋን ግንብ የሚልሱ አሉ። ጨዉን ፈልገው ይሁን የሰው ሽታውን እንጃ። ጠዋት ሴቶቹ አመድ ይዘው ወጥተው ልጋጉን ከግንቡ ላይ ይፍቃሉ። እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። እጅ ላይ ከደረቀ በውሃ አይለቅም። በዚያው እጅ ምሳ ይበላል። ለምደውት ነበር።

እነዚህን ሁሉ ግንቡ ይመልሳቸዋል። ግንብ የማይመልሰው አንድ ነው። ዋጬ ይሉታል። ዋጬ ጥርስ የለውም፤ አያኝክም፣ ይውጣል። ሰውን ይውጥና የዋጠውን ሰው መልክ ይለብሳል። ድምፁን ይወስዳል፣ አካሄዱን ይወስዳል፣ የእናቱን ስም ሳይቀር ይዞ ወደ በሩ ይመጣል። ታዲያ እናንተ በምን ትለዩታላችሁ? በፊቱ? ፊቱማ ያው ነው።

የሚለየው ቆሎ ነው። በሩ ላይ ክንድ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ከጫካ የሚመጣ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ሙሽራ፣ በዚያች ቀዳዳ ጭብጥ ቆሎ ይሰጠዋል። ዘበኛው ከውስጥ ጆሮውን ይለጥፋል። ቀጭ ቀጭ ሲል ከተሰማ ሰው ነው፤ ይከፈትለታል። ካልተሰማ አይከፈትም፤ ቢያለቅስ፣ ቢምል አይከፈትም። ስለዚህ ጥርሱ ያለቀ ሰው ጫካ አይገባም ነበር። ሽማግሌ አይገባም፣ አሮጊት አትገባም። ይህችን ያዙልኝ።

ደምለው የዚያ በር ጆሮ ነበር። አባቱም ይህንኑ ሲሠሩ ነው የሞቱት። ጎረምሶቹ ይቀልዱበታል። አንተ ሚስት ብታገባ ጫጉላ ቤት የምትገባው ቆሎ ይዘህ ነው፣ ሙሽሪት ሳትቆረጥም ነጠላዋን አትገልጥም ይሉታል። እሱ አይስቅም፣ አይቆጣም። "ቁረጥም" ነው የሚለው። ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም።

እናቱ እማማ ትርንጎ አብረውት ይኖራሉ። ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል፤ በሶ እየበጠበጠ ነው የሚያኖራቸው። ታናሽ ወንድሙ ጫኔ ማር ቆራጭ ነው። ሳቂታ ነው። እቤት ሲገባ እናቱን ከመደቡ ብድግ አድርጎ ያዞራቸዋል፤ እሳቸው ልቀቀኝ አንተ ቀበጥ እያሉ ይስቃሉ። በሶውን የሚበጠብጠው ደምለው ነው፤ የሚወደደው ጫኔ ነው። ደምለው ይህን ያውቃል። ተናግሮበት አያውቅም።

አንድ ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ጫኔ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገባ። ጓደኞቹ ወጡ፤ እሱ አልወጣም። ምን ሆነ ቢባሉ፣ ንብ የሰፈረበት ግንድ አየሁ፣ አሁን መጣሁ ብሎ ብቻውን ተለየን አሉ። ብቻውን። ሰማችሁ? ጠሩት፣ ጠበቁት፣ ሲመሽባቸው ወጡ።

እማማ ትርንጎ እህል አልቀምስም አሉ። በሶው እንደ ተቀመጠ ይሻግታል፤ ደምለው ይደፋዋል፣ ሌላ ይበጠብጣል፣ ያም ይሻግታል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ክንዳቸው እንደ ጭራሮ ቀጠነ። አንድ ቀን ብቻ ዞር ብለው ተናገሩት።

"ልጄ የመጣ እንደሆነ እንደ ባዳ በር ላይ እንዳታቆመው" አሉት።

ደምለው የሻገተውን በሶ አንስቶ ሊደፋው ወጣ። እምቢ አለማለቱ እሺ ማለት ነበር። እናቱ እየሞቱበት ነው፤ የሚያድናቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የለም።

አሁን ወደ መንገዱ ተመለሱ። ያ ብቻውን የሚመጣው ሰው ደረሰ። ጫኔ ነው። ራሱንና አንገቱን በጋቢ ጠቅልሏል። አገጩ አብጧል። ንቦቹ ነድፈውኝ ነው አለ። ቀዝቃዛ ሽታ አለው፤ ውሃ የገባበት የሞተ ነገር ዓይነት። ደምለው ረግረጉ ነው ብሎ አሰበ።

ቆሎውን በቀዳዳው ሰጠው። ጆሮውን ለጠፈ። ምን ሰማ? ምንም። አንድ ነገር እርጥብ ነገር ላይ ሲንከባለል ብቻ ይሰማል። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁ በቀዳዳው ተመለሰና ቆሎውን ደምለው መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ፍሬው አንድም አልተሰበረም። ሞቋል። ረጥቧል። በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል።

"አያ፣ አገጬ አልታዘዝ አለኝ" አለው። "እማዬስ? እህል ትበላለች?"

ደምለው እርጥቡን ቆሎ መሬት ላይ ደፋው። እጁን በሱሪው ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ከፈተ።

እናንተ ብትሆኑ አትከፍቱም ነበር? አትዋሹ።

እማማ ትርንጎ የዚያኑ ማታ በሶ ጠጡ። ሌላም ድገመኝ አሉ። በሳምንቱ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው። የጫኔ ጓደኞች ጠጅ ይዘው መጡ፤ ንቦቹ በአፍህ ቀንተው ነው፣ ሳቅህን ሊዘጉ ነው ብለው ቀለዱበት። እሱ በጋቢው እንደ ተጠቀለለ አንገቱን ነቀነቀ።

ታዲያ የአገጩ እብጠት አይጎድልም። አይጨምርም። ምግብ ሲያቀርቡለት አይበላም፤ ሰው ሲዞር ሳሕኑ ባዶ ነው። ደምለው አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አየው። እንቁላል ከነቅርፊቱ ዋጠ። ዝንብ ከከንፈሩ ላይ ታርፋለች፤ አያባርራትም። አፉን ከፈት ያደርግላታል፤ ትገባለች። የተኛበት ቁርበት ጠዋት ሲነሳ ርሶ ይገኛል። ሽንት አይደለም። ይዝለገለጋል።

ቀጥሎ የጎረቤት ዶሮዎች ጠፉ። ደምለው ከጓሮ አንድ ድብልብል ነገር አገኘ። ጉጉት የምትተፋውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአይጥ ጠጉርና አጥንት ተጠቅልሎ? እንደዚያ ነው። ግን የሰው ጭንቅላት ያህላል። በእንጨት ሲፈለፍለው ላባና መንቆር ነው፣ በልጋግ የተላቆጠ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የፍየል ጠጉርና ሰኮና አገኘ። ሽታው ከአፍንጫው አልወጣ ብሎ ምሳውን አስመለሰው።

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ጮኸ? አልጮኸም። ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። እቤት ሲገባ የእናቱ ጉንጭ ሞልቷል። ዓይናቸው ያበራል። ማታ በር ላይ ለሌላው ሁሉ ቁረጥም ይላል፤ የእቤቱን ግን በአካፋ ይቀብራል። ራሱን ይጸየፈው ነበር። እጁን በአመድ ያሻል፣ ይታጠባል፣ ሽታው አይለቅም።

ክረምቱ ሲጋመስ ሦስተኛውን አገኘ። ይኼኛው ላባ የለውም፣ ሰኮናም የለውም። ሲፈለፍለው ጥቁር የአንገት ማተብ ወጣ። ከማተቡ ጋር ጥርሶች ወጡ። የሰው ጥርሶች። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ጫፉ ተሰብሯል። ልጆች ሆነው ሲጫወቱ ደምለው ራሱ በድንጋይ የሰበረው የጫኔ ጥርስ ነው። ያ ጥርስ አይሳሳትም።

ጥርሶቹን በጭብጡ ይዞ እቤት ገባ። እናቱ እያጎረሱት ነበር። ከፊቱ ተቀምጠው፣ ውድ ልጃቸውን እንደሚያጎርሱ እናት እያጎረሱት ነበር። እጃቸው ግን አልተመለሰም። እስከ ክርናቸው አፉ ውስጥ ገብቷል። እሱ አይነክስም፤ በምን ይነክሳል? ቀስ ብሎ ይስባል። እሳቸው በሌላው እጃቸው ራሱን ይዳብሳሉ።

"እማዬ፣ እጅሽን አውጪ" አለ ደምለው። ጥርሶቹን ሳሕኑ ላይ በተናቸው። "ይኼ የጫኔ ጥርስ ነው።"

እማማ ትርንጎ ጥርሶቹን አዩ። አልደነገጡም።

"አውቃለሁ" አሉት። "የመጣ ዕለት አውቄአለሁ። የወለድኩትን አላውቅም? ፊቱ ይበቃኛል። አንተ ሂድ፣ በርህን ጠብቅ።"

ደምለው ሊጎትታቸው ያዛቸው። ክንዳቸው በልጋግ ሙልጭልጭ አለበት፣ አዳለጠው። ሮጠ። ወደ በሩ ሮጦ ያሉትን ዘበኞች ሁሉ ችቦና ጦር አስይዞ ይዟቸው መጣ። ቤቱ ባዶ ነው። መደቡ ርሷል። ከመደቡ እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ መንገድ ልጋጉ እንደ ቀንድ አውጣ ዱካ ያበራል። ዱካውን ተከተሉት። የት ያደረሳቸው ይመስላችኋል? እዚያው የከተማዋ በር ላይ። ዘበኞቹን ሁሉ ይዟቸው ሲሄድ በሩን ማን ጠበቀ? ማንም። ወለል ብሎ ተከፍቷል።

በማግስቱ ፀሐይ ገባች። ገና አልጨለመም። ደምለው በሩ ላይ ነው። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ያነክሳል። ነጠላ ለብሷል። ደረሰ።

"ደምለው፣ ልጄ፣ ክፈትልኝ" አለ ድምፁ። "አምልጬው መጣሁ።"

እማማ ትርንጎ ናቸው። እሳቸው ልበል ወይስ እሱ ልበል? እኔም አላውቅ። ደምለው እንደ ልማዱ ቆሎ ዘገነ። እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደ። መሀል ላይ እጁ ቆመ። ገባችሁ? ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህችን ነበር።

"እማዬ፣ ቁረጥሚ" አላቸው። ሌላ የሚያውቀው ቃል አልነበረውም።

"በምኔ፣ ልጄ?" አሉት።

ደምለው ግንባሩን በሩ ላይ ደገፈ። አልከፈተም። እሳቸው ለመኑት። ሲወለድ የነበረውን ነገሩት፣ እሱና እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ነገሩት። ዋጬም የዋጠው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል። ጨለመ። ጥፍር እንጨቱን ሲቧጭር ተሰማ። ከዚያ አንድ እርጥብ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ። ጠዋት ሴቶቹ አመድ ይዘው ሲወጡ በሩ ሥር ልጋግ አገኙ። የእሳቸውን መልክ ለብሶ ከመጣው ይሁን፣ እሳቸውን ከበሩ ሊወስድ ተከትሎ ከመጣው ይሁን፣ እስከ ዛሬ የለየ የለም። ደምለው እዚያው በር ላይ አረጀ። ቆሎ ግን በአፉ አልዞረም።

አንድ ሰው አብሯቸው መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ አብሬአቸው ነበርኩ፣ እሳቸው ናቸው ይል ነበር። ያን የሚል አልነበረም። ስለዚህ ብቻችሁን መንገድ አትሂዱ። አውሬው ይበላችኋል ብዬ አይደለም። ስትመለሱ ማን መሆናችሁን የሚናገር እንዳታጡ ነው።

አለቀ። ወሬዬን ወስዳችኋል፣ ሳሕኔን መልሱ። ወዲህ አቀብሉኝ። አለ ገና፣ ሁሉም አልተበላም።

ይኼ ቆሎ ለምን ረጠበ?

ቆዩ፣ ኩራዙን አትለኩሱ። ማንም ከቦታው አይነሳ። ሞቅ ብሏል፤ አሁን ነው የተመለሰው። ዛሬ ማታ እዚህ ብቻውን የመጣው ማነው?