የትርፍ ጨርቅ ኮከቦች

ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ቦሌ ሚካኤል፣ ከብየዳ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ጀርመንኛ አስተምራለሁ፤ ሥራዬም ይኸው ነው፣ ማረም።

አምና መሐሪ የመጀመሪያ ቀን ራሱን ሲያስተዋውቅ «ኢሽ» አለ።

«‹ኢኽ› ነው። ‹እኔ› ማለት። ድመት ስትቆጣ እንደምትለው።»

«ቲቸር፣ እኔን ድመት ተቆጥታኝ አታውቅም።»

ክፍሉ ሳቀ። ሚስቱ ሰምሃር ፍራንክፈርት እንዳለችም ያኔውኑ ነገረን። ቤተሰብ አገናኛቸው፣ ተፈራረሙ፣ ሄደች። ፈተናውን ካላለፈ ቪዛ የለም።

የፈረንጅ ገና ሲደርስ ብዙ ቁጥር የማስተምረው በበዓሉ ዕቃ ነው። ሻማ፣ ደወል፣ ኮከብ። ሁሉም አንዳንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ። መሐሪ ቦሌ ለሚ ከሚሠራበት የልብስ ፋብሪካ ቀይ ኮከብ አመጣ፣ ከትርፍ ጨርቅ የቆረጠው።

«ሽቴርን» አለ።

«ብዙ ሲሆንስ?»

«እሱን ነገ።»

በማግስቱ ሌላ ኮከብ ይዞ መጣ። «ሽቴርነ» አለ፣ እኔን እያየ።

ከዚያ በየቀኑ ኮከብ። መስኮቱ ሞላ። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ አብረን እንቆማለን። ተራችን ሲደርስ ሌላ ሰው እናስቀድማለን። ለምን እንደሆነ አንዳችንም አላወራንም።

የፈተናው ዋዜማ ሲያነብ «ኢሽ» አለ። ያንን ስህተት ከተወው ቆይቷል። ሌሎቹ ከክፍል እስኪወጡ ጠበቅኩ።

«አውቀህ ነው?»

«ብወድቅስ፣ ሰብሊ?»

ቲቸር አላለኝም። ታች ብየዳው ቆመ። ውደቅ ልለው አፌ ላይ ደርሷል።

«ሰምሃር እየጠበቀችህ ነው። እንደገና በል።»

መጽሐፉን ዘጋ።

«ኢኽ» አለ። ጥርት አድርጎ።

አለፈ። ሄደ።

ዘንድሮ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ። ሴት ናት።

«ቲቸር ሰብሊ? ሰምሃር ነኝ፣ የመሐሪ ባለቤት። እንኳን አደረሰሽ! ውይ፣ እናንተ ጾም ላይ ናችሁ ለካ! እዚህ ሰው ሁሉ የት ተማርክ ነው የሚለው። አንቺ ባትኖሪ እስካሁን ብቻዬን ነበርኩ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጎበዝ ተማሪ ነበር።»

«ላገናኝሽ? አጠገቤ ነው።»

«ክፍል ውስጥ ነኝ» ብዬ ዘጋሁ።

መስኮቱ ላይ ያሉትን ኮከቦች ፀሐይ አደብዝዟቸዋል። ተማሪዎቹ ይጠብቁኛል። ተናኜ ተነስታ ማንበብ ጀመረች።

«ኢሽ...»

አለችና ራሷ ደነገጠች። ሁሉም እኔን አየ።

«ቀጥዪ» አልኳት።