በአንድ ቀለም የተቀባው ቤት

ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ ዓርብ ማለዳ በገዛ ቤታቸው ደረጃ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ፖሊስ ጣቢያው ነገሩን ለመቋጨት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ቤቱ በዚያው ሳምንት ነበር የተቀባው፤ የደረጃዎቹ ጫፍም ቀለም ተለቅልቆ ተገኘ፤ ስለዚህ «ትኩስ ቀለም አዳልጧቸው ነው» ተባለና ቀለም ቀቢው ታሰረ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ፊት እንዲቀርብ ተወሰነ።

መዝገቡ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ያውም ለፊርማ ብቻ። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ቅብዝብዟ» ይሏታል፤ ወንበር ይቆረቁራት ይመስል አሥር ደቂቃ ተቀምጣ አታውቅም። ብዕሩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ ቀቢውን አስጠራችው።

«ደረጃውን አልነካሁም» አለ ቀቢው ገና ሳይጠየቅ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው። «ልጃቸው ግድግዳውም፣ ጣራውም፣ በሩም አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ቀለም ይሁን አለችኝ፤ እንዳለችኝ አደረግኩ። ደረጃውን ግን እኔው ነኝ ይቅር ያልኳት፤ ጫማ ያጎድፈዋል። ጫፉ ላይ ያለው እንጨት ጥቁር ቡናማ እንደሆነ ትቼው ረቡዕ ወጣሁ።»

«ቀለም ተርፎ ነበር?»

«ግማሽ ባልዲ የግድግዳ ቀለም። የተጫረ ቦታ ካለ መነካኪያ ብዬ ተውኩላቸው።»

«ባልደረቦቼ ዋሽቷል ይላሉ።»

«ሄደው በጥፍርዎ ይፋቁት። የእኔ እጅ ሥራ ከሆነ እንደታሰርኩ ልቅር። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቀለሙ ሰው ገደለ ከተባልኩ ግን ከእንግዲህ በሩን የሚከፍትልኝ የለም።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየችና አንድ ሳጅን አስከትላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

የሟቹ ቤት ፎቅ ላይ ያልተቀባ ነገር አልነበረም። ነጭ ነው እንዳይባል ደብዘዝ ይላል፣ ክሬም ነው እንዳይባል ነጥቷል፤ የወተት ስልባቦት ነገር ነው። ግድግዳው፣ ጣራው፣ በሮቹ፣ የበር ክፈፎቹ ሁሉ ያው ናቸው፤ የወለሉ ሰድር ደግሞ ድሮውንም ነጣ ያለ ነው። መርማሪዋ ዓይኗ የሚያርፍበት አጣ። ሳጅኑ መታጠቢያ ቤቱን ፍለጋ ሁለት ጊዜ በፊቱ አልፎ ሄደ።

«እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ለመጥፋት ከተማ መውጣት አያስፈልገውም፣ አለቃ» አለ።

እሷ ግን ደረጃው አናት ላይ ቁጢጥ ብላ የመጀመሪያውን እርከን ጫፍ በጥፍሯ ስትጭር ነበር። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳላት። ከሥሩ አንጸባራቂው አሮጌ ቡናማ ወጣ። ቀጥላ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄዳ ያንኑ ሞከረች፤ ጥፍሯ ተሰበረ እንጂ ቀለሙ አልላላም።

«በሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የዘይት ቀለም ነው የተቀባው» አለች። «ደረጃው ላይ ግን የግድግዳውን የውሃ ቀለም ዝም ብለው ለጥፈውበታል። በሩን እንዲህ የሠራ ሰው ደረጃውን እንዲያ አይሠራም።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን እድፎች አየች። በደረት ከፍታ፣ ከመኝታ ቤቱ በር የሚነሱ የጣት አሻራዎች ናቸው። ግድግዳውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሳይቆሙ ያልፋሉ፣ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ያልቃሉ። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና እጇን በአሻራዎቹ ላይ እያሳለፈች ተራመደች። ሳጅኑ በቀበቶዋ ባይዛት ኖሮ የመጀመሪያውን እርከን በአየር ላይ ትረግጥ ነበር።

«ሰውዬው አያዩም ነበር» አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

የሰዓት ሠሪው መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ፣ ከትንንሾቹ መፍቻዎች ሥር፣ የዓይን ክሊኒክ ካርድ ተገኘ። መርማሪዋ ወዲያ ወዲህ እያለች ሐኪሙን በስልክ አናገረችው።

«ጥቁሩን ከነጩ ይለያሉ፤ ነጭን ከነጭ ግን አይለዩም» አለ ሐኪሙ። «ሁልጊዜ ብቻቸውን ነበር የሚመጡት። ‹ልጄ ከሰማች ከቤቴ ታስወጣኛለች፣ አደራህን› ይሉኝ ነበር።»

የቤት ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የደረቀ ሳህን ታደርቃለች። ዘጠኝ ዓመት አገልግላቸዋለች።

«ዓይናቸው እንዴት ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«ደህና ነበሩ። ብቻ ዕቃ ከቦታው ንቅንቅ ካለ ይቆጣሉ። ሥርዓት ይወዳሉ።»

«ደረጃውን ማን ቀባው?»

«ቀቢው ነዋ» አለች ሴትዮዋ መሬት መሬት እያየች። ከጀርባዋ ምስማር ላይ ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባበት ትንሽ ብሩሽ ተሰቅሏል። ፀጉሩ ነጥቶ ድርቅ ብሏል። መርማሪዋ አየችው።

ሟቹ ቤታቸው እስኪቀባ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሰነበቱት ልጃቸው ቤት ነበር፤ መርማሪዋ ወደዚያው አመራች። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት፤ ባሏ ደግሞ መሐንዲስ። ዓይኗ በለቅሶ ተጨናብሷል።

«ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ያ ቤት ጨለማ ሆነብኝ። ብርሃን ይሁንላቸው ብዬ ነው።»

«እኔ ቤቱ ይፍረስና ትልቅ ሕንፃ እንሥራበት ብዬ ነበር» አለ መሐንዲሱ ረጋ ብሎ። «እሳቸው በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም አሉ፤ እኔም ተውኩት።»

«ምናልባት ዓይናቸው ደክሞ ይሆን?»

«የእሳቸው ዓይን?» መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «እንደ ንስር ነበር። ሰዓት ሠሪ እኮ ናቸው።»

መርማሪዋ እጄን ልታጠብ ብላ ተነሳች። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሁለት የነጭ ሰድር እርከኖች ይወርዳሉ። በሁለቱም ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ጥቁር ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል። ነጩ የእጅ መታጠቢያ ላይ ጥቁር ፎጣ ተነጥፎ የጥርስ ብሩሽ መያዣው እሱ ላይ ተቀምጧል። የፕላስተሩን አንድ ጥግ አነሳች፤ ከሥሩ ማጣበቂያው ገና ትኩስ ነው። ስትመለስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስድስት ሰዓት ላይ አባትዎ ቤት እንገናኝ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀቢው በሳጅኑ አጠገብ እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። መርማሪዋ በመካከላቸው ትንጎራደዳለች።

«ሟቹ አዳልጧቸው አልወደቁም» አለች። «የግድግዳ ቀለም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፤ የወደቁት በማግስቱ ነው። የወደቁት ደረጃው ስላልታያቸው ነው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከሁላችሁም ደበቁት።»

ልጃቸው ከወንበሯ ተነሳች።

«ይኖሩ የነበሩት በጥቁር ምልክት ነው። ቡናማ በር፣ ቡናማ ክፈፍ፣ ቡናማ የደረጃ ጫፍ። በሮቹ ሲነጡ ፎቁ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ቀረላቸው፤ የደረጃው ጫፍ። ዓርብ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ፍለጋ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ፤ በሩን ዳብሰው አለፉት። ያ ቡናማ በቦታው ቢሆን ኖሮ ይቆሙ ነበር። አንድ ሰው ግን ሐሙስ ዕለት አጥፍቶታል፤ ያውም በዳቦ ብሩሽ።»

ሠራተኛዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ገደልኳቸው። አለማየታቸውን አላውቅም ነበር፣ ልጄን!»

«ማን ቅቢው አለሽ?»

«ጋሼ ደወሉልኝ። ‹አባባ ደረጃውም እንደ ግድግዳው ይሁን ብለዋል› አሉኝ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ‹ከተናገርሽ አንቺም ትታሰሪያለሽ› አሉኝ።»

ዓይን ሁሉ ወደ መሐንዲሱ ዞረ። እሱ እግሩን አነባብሮ እንደተቀመጠ ነው።

«ራሷን ለማዳን የፈጠረችው ነው» አለ። «ብዬም ቢሆንስ? ለቤት ውበት የተባለ ነገር ነው። አለማየታቸውን በምን አውቄ?»

«እኔም እሱን ነው ስጠይቅ የዋልኩት» አለች መርማሪዋ። ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቤታችሁ እርከኖች ላይ ያለውን ጥቁር ፕላስተር ማን ለጠፈው?»

ልጅቷ ባሏን አየችው። «እሱ ነው። አባባ የመጡ ዕለት። ሰድሩ ያንሸራትታቸዋል ብሎ።»

«ያ ፕላስተር ራሱ ልሙጥ ነው፤ ማንሸራተት አይከለክልም። ጥቅሙ መታየት ብቻ ነው። መታጠቢያው ላይ ያለው ጥቁር ፎጣ ደግሞ ከመንሸራተት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። እርስዎ ሦስት ቀን ሙሉ አማትዎ እቤትዎ እንዳይወድቁ ምልክት አደረጉላቸው፤ በአራተኛው ቀን እሳቸው ቤት የነበረውን ምልክት አስጠፉ። ለእኔ ግን ዛሬ ዓይናቸው እንደ ንስር ነበር አሉኝ።»

«ቀለም እኮ ነው» አለ መሐንዲሱ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ። «በቀለም ሰው ገደለ የሚል ፍርድ ቤት የት አለ? ደወለልኝ ያለችውም እሷ ብቻ ናት።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ።

ወደ ባሏ ዞረች።

«ሐሙስ ጠዋት መኪና ውስጥ አጠገብህ ነበርኩ። ‹ሳይመጡ ጨርሺው› ስትላት ሰምቻለሁ። ምሳ መስሎኝ ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከቀቢው እጅ ፈትቶ መሐንዲሱ እጅ ላይ አደረገው። ቀቢው አንጓውን እያሻሸ ሲወጣ ሠራተኛዋን ከመሬት ደግፎ አነሳት፤ «አይዞሽ፣ አንቺን ያዘዘሽ ነው የሚጠየቀው» አላት። እሷ ግን መጽናናት አልሆነላትም።

ሁሉም ሲወጣ ልጅቷ ሳሎኑ ውስጥ ቀረች። መርማሪዋ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ ትታት መሄድ አንጀቷ አልቻለም።

«ሐሙስ ማታ ደውለውልኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «‹ልጄ፣ ቤቱ አማረ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው› አሉኝ። በሩን እንኳ ማግኘት ሳይችሉ ምኑን ነው የሚያዩት?»

«እርስዎ እንዳይከፋዎት ብለው ነው።»

«አውቃለሁ። ‹አይታየኝም› ቢሉኝ ኖሮ ግን በዚያችው ደቂቃ መጥቼ እወስዳቸው ነበር።»