የአባቴን ዓይን አትክፈቱ

አታምኑኝም ብዬ ለብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው... እኔ ማይኖ።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ፣ እኩለ ቀን። ከዱምካ ኮረብቶች ሥር ባለው መንደራችን፣ በገዛ ግቢያችን።

አባቴ ከሞተ ወር አልሞላውም።

ሠዓሊው ጎፒን መጣ። ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ ይመጣል። የሟቹን ሥዕል ዘርግቶ ታሪኩን ያዜማል።

ሥዕሉ ግን ብሌን የለውም። ዓይኑ ነጭ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ ሩዝ ወይም የነሐስ ሳህን ሲሰጠው ብሌኑን ይቀባዋል። እስከዚያ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም በጨለማ ሲደናበር ይኖራል ይባላል።

የሥዕሉን ጥቅል ዘረጋው።

አባቴ ነው። ቁርጥ እሱን። በእጁ ዱላ ይዟል...

አባቴ ደብዳቢ ነበር። ሲመጣ እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትደብቀኝ ነበር። እናቴ ሥዕሉን ስታይ እንደ ድሮው ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"ስለ ዱላው ማን ነገረህ?" አልኩት ጎፒንን።

"ማንም።" ሥዕሉን ጎንበስ ብሎ አየው። "እኔ እንጃ ልጄ... ዱላ መሳሌ ትዝ አይለኝም።"

"ዓይኑን አትክፈተው" አለች እናቴ። በሹክሹክታ።

የአባቴ እህት ሳልጌ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"ምን አልሽ አንቺ? ወንድሜ ታውሮ ሲደናበር ይኑር?"

"ይኑር።"

"ባልሽ አይደለም እንዴ?!"

"ስለሆነ ነዋ።"

አክስቴ ገብታ ሩዝ አመጣች። ሠዓሊው ፊት ዘጭ አደረገችው።

"ቅባ!"

ጎፒን እናቴን አየ፤ አክስቴን አየ። ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረ። ዓይኑ መሃል ላይ ነጥብ አሳረፈ።

ዶሮዎቹ ዝም አሉ።

ቀለሙ ተንቀሳቀሰ...

እየፈሰሰ አልነበረም። ነጥቡ እንዳለ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ዓይኑ ጥግ ሄደ። እናቴ ወዳለችበት።

ጎፒን ሥዕሉን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው።

ብሌኑም ዞረ። ወደ እናቴ።

"እኔ አይደለሁም..." አለ ጎፒን። ሩዙን ሳይነካ፣ ሥዕሉን እዚያው ጥሎ ከግቢው ወጣ።

"አየኝ" አለች እናቴ።

ወዲያው እጄን ይዛ ተነሳች። ምንም አልያዝንም። በሩዝ ማሳዎቹ መሃል አቋርጠን ወደ አጎቴ መንደር ገሰገስን። መንገዱን ሁሉ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም። እኔም እንድዞር አልፈቀደችልኝም።

ስንደርስ የአጎቴ ሚስት ቡድኒ እየሳቀች ተቀበለችን። "ምነው፣ ጅብ አባረራችሁ እንዴ?"

በረንዳው ላይ አስቀመጠችን። ለእንግዳ የሚቀርበውን ውሃ በነሐስ ኩባያ ይዛ ወጣች። አንዱን ለእናቴ። አንዱን ለእኔ።

ሦስተኛውን እንደያዘች ወደ ግቢው በር አየች።

"ሰውዬው ለምን አይገባም?"

"የቱ ሰውዬ?" አልኳት።

"አብሯችሁ የመጣው ነዋ! ፀሐይ ላይ ምን ያቆመዋል?"

በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

"ማንም የለም እኮ..."

"አሁን እዚህ... ወይ ጉድ! የት ገባ?"

ወደ እናቴ ዞርኩ።

ኩባያው ተደፍቷል። ውሃው መሬቱ ላይ እየፈሰሰ ነው። እናቴ የለችም።

ሮጬ ወጣሁ።

ማሳው መሃል አየኋት። ብቻዋን ነበረች። አንድ ክንዷ ወደ ፊት ተወጥሯል፤ የእጇን አንጓ ጨብጦ የሚጎትታት ሰው ያለ ይመስል። ተረከዟ ጭቃውን እያረሰ ይሄዳል። እየታገለች ነው።

ከፊቷ ግን ማንም የለም።

"እማዬ!"

አንገቷን አዙራ አየችኝ። አልጮኸችም። "ድረሽልኝ" አላለችም።

ያልተያዘውን እጇን ቀስ ብላ አነሳች...

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።