አስራ ሁለተኛው ደብዳቤ

እመኑኝ ብዬ አልለምንም። ሆኗል። ሂልብሮው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይዋ ሳትጠልቅ።

ወንድሜን ክፍሉን እዚሁ ጆሃንስበርግ ከቀበርነው ሃያ ስድስት ቀን ሆኖን ነበር።

አገር ቤት ያለችው እናታችን አልተረዳችም። የልብ በሽተኛ ስለሆነች መርዶው በሽማግሌ ይነገራት ተባለ። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሀቢሶ ሽማግሌ አስተባብራለሁ ብለው ያዙት። በደወልኩ ቁጥር "እሁድ" ይሉኛል። እሁድ ይመጣል፤ ያልፋል።

እስከዚያ ግን በክፍሉ ስልክ "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያልኩ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ።

ክፍሉ ከሱቅ ሲመለስ የአንድ የድሮ የውጭ አገር ምክር ቤት አባል ደብዳቤዎችን ወደ አማርኛ ይተረጉም ነበር። መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ሰውየው የጦር ሚኒስትሩን ይጨቀጭቃል። መኮንን ሳይማር ወታደር አይሰጠው፤ ትምህርት ቤት ይከፈትለት ይላል።

መልስ የለም። ደግሞ ይጽፋል። አሁንም መልስ የለም።

ልክ እንደ እኔና እንደ ጋሽ ሀቢሶ።

ክፍሉ ደብተሩ ላይ አስራ አንድ ደብዳቤ ተርጉሞ ነበር። በቀበርነው ማግስት ቆጥሬያቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ስገልጠው... አስራ ሁለት ሆነዋል።

የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። ቀለሙ ጣቴ ላይ ወጣ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ መኮንን መተኮስ ብቻ አይማር። ለሞተ ወታደር እናት እውነቱን መጻፍም ይማር። ልጅሽ ደህና ነው የተባለች እናት በሯን አትዘጋም። በሩ ካልተዘጋ ደግሞ ልጁ..."

እዚያ ላይ ይቆማል።

ለጋሽ ሀቢሶ ደወልኩ። ዛሬውኑ ልነግራት ነው አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ በሬሳ ላይ ሬሳ ልትጨምሪ ነው? እሁድ አልኩሽ እኮ።"

ዘጋሁባቸው። እማዬ ጋ ደወልኩ።

ገና ሳይጠራ አነሳችው።

"እማዬ..."

"ቀስ ብለሽ አውሪ" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"ወንድምሽ ተኝቷል። ጠዋት ገባ። ልብሱ አፈር በአፈር ሆኖ..."



"ምን... ምን አለሽ?"

"ምን ይላል? ብጠይቀው፣ ብጠይቀው፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሌላ ቃል የለውም።"

ዓይኔ ደብተሩ ላይ አረፈ።

ያ የተቋረጠው መስመር አልቋል። የተጨመረው አንድ ቃል ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

"ይገባል።"