ከተዘጋው ጓሳ የመጣ እንጨት

ጌታነሽ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ቤቷ በመንዝ፣ ከጓሳ አፋፍ ሥር ባለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። አባቷ ዳኜ የመንገድ ሥራ አግኝቶ ዓለም ከተማ ወርዷል። እናቷ አየለች ደግሞ ወንድ ልጅ ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ውኃ የምትቀዳውም፣ በጎቹን የምታስገባውም፣ እሳቱን የምታነደውም ጌታነሽ ነበረች።

ወሩ ሐምሌ ነው። የመንዝን ሐምሌ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ልጆቼ። ጉሙ ጠዋት ደጅ ላይ ይቆማል፤ ማታም እዚያው ነው። ዝናቡ አባራ ሲባል በረዶ ይጥላል። ጋቢ በጋቢ ላይ ቢደርቡ ብርዱ አይለቅም። በእኛ አገር ቤት የሚሞቀው በእሳት ነው፤ እሳቱ የሚነደው በኩበት ነው። ሰው ሁሉ በበጋ ኩበቱን ጠፍጥፎ፣ አድርቆ ይከምራል፤ በክረምት ያንኑ እየቆጠበ ያነዳል። ደረቅ ኩበት ካለቀ ቤቱ በረደ ማለት ነው። አራስ ያለበት ቤት ሲበርድ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ መደቡ ላይ ሆና ተጣራች።

«ጌታነሽ፣ ኩበት ስታወጪ ሸራውን መልሰሽ አልብሺው። ድንጋይም ጫኚበት። ሰማዩ ጠቁሯል።»

«እሺ እማዬ!»

እሺ አለች እንጂ ሸራውን አላለበሰችም። ገና ኩበቱን እንዳወጣች ጓደኛዋ ኮከብ ከአጥሩ ማዶ ጠራቻት።

«ነይ፣ አንድ ጊዜ ገበጣ እንጫወትና ትመለሻለሽ» አለቻት።

አንድ ጊዜ የተባለው ሦስት ጊዜ ሆነ። በዚህ መሐል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጌታነሽ እየሮጠች ስትደርስ ክምሩ ርሶ፣ ግማሹም ጭቃ ሆኖ አገኘችው።

«ሸራውን አልብሰሽዋል?» አለች እናቷ ከውስጥ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እናቷ ትቆጣታለች፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ትልካታለች፤ ጎረቤትም ኩበት ያበድራታል። ጌታነሽ ግን ቁጣውን ፈራች።

«አልብሼዋለሁ» አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ እርጥብ ኩበት አነደደች። እርጥብ ኩበት ይጤሳል እንጂ አያሞቅም። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ሕፃኑ ማሳል ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጌታነሽ እጁን ብትነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከንፈሩም ጠቆር ብሏል። እናቷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና ከላይ ደርባ፣ በትንፋሿ ልታሞቀው ትሞክራለች።

«ምን ሆኖ ነው ኩበቱ እንዲህ የሚጤሰው?» አለች። «ከሥር ያለውን ደረቁን አምጪልኝ እንጂ ልጄ። ይህ ልጅ ሙቀት ካላገኘ ይሞትብኛል።»

ከሥርም ደረቅ አልነበረም። ጌታነሽ ያንን ታውቃለች።

እንባዋ እየመጣ ወጣች። እግሯ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ወሰዳት። እትዬ ጥሩሸዋ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ኩበት ያበድሩኝ ልትላቸው ነበር የሄደችው። ደጃቸው ስትደርስ ግን «የእናንተ ኩበት ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁኝስ ብላ አሰበች። አፏም ሌላ ነገር ተናገረ።

«እትዬ፣ ማጭድ ያውሱኝ።»

«ለምንሽ ነው ልጄ?»

«ለበጎቹ ሣር ላጭድ።»

«እንኪ። ጣትሽን እንዳትቆርጪ። ሕፃኑስ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው» አለችና ማጭዱን ይዛ ዞረች።

ከመንደሩ በላይ ጓሳ የሚባለው የሣርና የቁጥቋጦ ደጋ አለ። ጓሳ የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም ማንም ብድግ ብሎ አይነካውም። በበጋ አገሬው መክሮ ሲከፍተው እያንዳንዱ ቤት እንደ ድርሻው ሣርም እንጨትም ይቆርጣል። በተዘጋ ጊዜ ግን አንዲት ሰበዝ መምዘዝ ክልክል ነው። ይህን ሕግ በዚያ መንደር የማያውቅ ልጅ የለም። ጌታነሽም ከድንበሩ ስትደርስ ቆመች። ከድንበሩ ማዶ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። አስታ እርጥቡ እንኳ እየተንጣጣ ይነዳል።

«አንድ ሸክም ብቻ ነው» አለች ለራሷ። «ማን ያየኛል? ደግሞ ለሕፃን ነው።»

ልቧ ግን ድው ድው ይል ነበር። ልብ እንዲህ የሚመታው በከንቱ አይደለም፣ ልጆች። ጌታነሽ ግን አልሰማችውም። ድንበሩን ተሻገረች። ጎንበስ ብላ ቆረጠች፤ ቆረጠችና አሰረች። ሸክሙን ልትሸከም ስትል በጉሙ ውስጥ የፈረስ ኮቴ ሰማች። የጓሳው ጠባቂ ጋሽ ወንድምአገኝ ናቸው። ጌታነሽ ሸክሟን አንጠልጥላ ቁልቁል ሮጠች። ማጭዱ እዚያው ቀረ።

ያን ቀን ቤቱ ሞቀ። ሕፃኑ እንደ ጡጫ የጨበጣቸውን ጣቶቹን ዘረጋ። ጠብቶም ተኛ።

«ከየት አመጣሽው ይህን እንጨት?» አለች እናቷ።

«እትዬ ጥሩሸዋ ሰጡኝ። ከበጋ የተረፋቸው ነው።»

እናቷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ልጄን ያሞቁልኝን እጆች እግዚአብሔር ይባርካቸው። እርጅናቸውን ያሳምርላቸው» ብላ መረቀች። ጌታነሽ እሳቱን የምትቆሰቁስ መስላ ፊቷን አዞረች።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን አስቀሩት። ደብሩን የሚያገለግሉት መሪጌታ አትናቴዎስ መካከል ላይ ቆመዋል። ጋሽ ወንድምአገኝ እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ከተዘጋው ጓሳ አስታ ተቆርጧል። ይህ እዚያው ወድቆ ተገኘ። የማን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ቀይ ጨርቁን ሁሉም ያውቀዋል። እትዬ ጥሩሸዋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የእኔ ነው» አሉ።

«እርስዎ ነዎት የቆረጡት?»

«ማጭዱ የእኔ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

«እናታችን፣ ለሰው አውሰውት ከሆነ ይናገሩ» አሉ መሪጌታ ለስለስ ብለው።

እትዬ ጥሩሸዋ መሬት መሬት አዩ። ጌታነሽ ከሴቶቹ ጀርባ ቆማለች። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሷ አልዞሩም።

የእትዬ ጥሩሸዋ ቤት ክዳኑ ተቀዷል። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጎረቤቶች በደቦ ሊጠግኑላቸው ነበር። ሣሩም ለችግረኛ ተብሎ ከጓሳ ድርሻ ተቀምጦ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ጫኔ ተነሡና፣ «ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሕግ ለአንዱ ከላላ ለሌላው አይጸናም። ጓሳን የሰረቀ የጓሳ ሣር አይሰጠውም» አሉ። ፍርዱም ይኸው ሆነ። ሰው አንገቱን ደፍቶ ተበተነ።

ጌታነሽ ቤት ገብታ አልተናገረችም። ሰኞም ዝም አለች። ማክሰኞ ደቦው ቀረ፤ ዝናቡ ግን አልቀረም።  ከእሳቱ ርቃ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከአራስ ቤት ወጥታ የእሑዱን ፍርድ ያልሰማችው እናቷ አጥሚት በቅል ሞላችና ሰጠቻት።

«ለእትዬ ጥሩሸዋ አድርሺ። ያንን እንጨት ባይሰጡን ልጄን አፈር አልብሼው ነበር። እናቴ አመስግናለች በያቸው።»

ጌታነሽ ቅሉን ይዛ ሄደች። በሩን ገፋ ስታደርግ ቤቱ ጨለማ ነው። ውኃው ከክዳኑ ላይ እየወረደ ምድጃውን አጥፍቶታል። መደቡ ርሷል። እትዬ ጥሩሸዋ ከአንድ ጥግ ተኮራምተው፣ እርጥብ ባና ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ይስላሉም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ጌታነሽ።»

«ሕፃኑ ሞቀው?» አሉ።

 ቅሉን አስቀምጣ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት! እትዬ፣ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አራስ ቤት ላይ ጣት አልቀስርም» አሉ። «ደግሞም እኔ ብናገር ኖሮ ተያዘች ይባላል እንጂ ተጸጸተች አይባልም። ራስሽ እስክትመጪ ጠበቅሁሽ።» ሳሉ አቋረጣቸው። ሲለቃቸውም፣ «ብርዱ ግን ቀደመሽ መሰለኝ» አሉ።

ጌታነሽ አጥሚቱን አጠጣቻቸው። ከዚያ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ወደ መሪጌታ አትናቴዎስ ሄደች። ከሸራው ጀምራ እስከ ማጭዱ ድረስ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። መሪጌታ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ይህን በሽማግሌዎች ፊት ትደግሚዋለሽ?»

«እደግመዋለሁ።»

«መጀመሪያ ግን ለእናትሽ።»

ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። እናቷ ሰምታ አልመታቻትም፤ አልጮኸችባትምም። ሕፃኑን እንዳቀፈች አለቀሰች። «እኔ እውነቱን ሳላውቅ ስመርቅ አንቺ ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር» ብቻ አለች። ጌታነሽ ከዱላ ይልቅ ይህ እንዳመማት በኋላ ተናግራለች።

በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹና ሕዝቡ ተሰበሰቡ። ጌታነሽ መካከል ቆማ ሁሉንም ደገመችው።  አቶ ጫኔ ተነሡና በቀጥታ ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ቤት ሄደው ጉልበታቸውን ስመው ይቅርታ ጠየቁ። ወንዶቹም ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቁም። ሣሩን ተሸክመው ክዳኑ ላይ ወጡ።

መሪጌታ ወደ ቀረው ሕዝብ ዞሩ። «ለመሆኑ በዚህ መንደር ለአራስ ኩበት የሚነፍግ ቤት አለ?»

«የለም!» አሉ ሴቶቹ።

«ታዲያ ልጄ፣ ለምን አልጠየቅሽም?»

«አፈርኩ» አለች ጌታነሽ።

ሳይመሽ ሴቶቹ ደረቅ ኩበት በቅርጫት በቅርጫት ይዘው አየለች ቤት ደረሱ። ኮከብም ከእናቷ ጋር ነበረች። እያለቀሰች፣ «ገበጣ ብዬ የጠራሁሽ እኔ ነኝ» አለቻት። ጌታነሽ ግን፣ «ሸራውን አልብሺ የተባልኩት እኔ ነኝ» አለቻት።

ሕጉ ግን አልቀረም። ሽማግሌዎቹ የዳኜ ቤት በመጪው በጋ ከጓሳ ሣር ድርሻ እንዳይኖረው ወሰኑ። አባቷ በስልክ ሰማ። «ልክ ናቸው» አለ።

ሕፃኑ ዳነ፤ በአርባ ቀኑም ክርስትና ተነሣ። የእትዬ ጥሩሸዋ ሳል ግን እስከ መስቀል ቆየ፤ ከዚያም ብርድ በመጣ ቁጥር ይመለስባቸው ነበር። ጌታነሽ ክረምቱን ሁሉ የራሷን ቤት እሳት ሳታነድ በፊት የእሳቸውን ታነድ ነበር። በበጋ ጓሳው ሲከፈት ሌሎች ልጆች ሣር ተሸክመው ሲወርዱ እሷ ከደጅ ቆማ አየች። በሚቀጥለው ክረምት ክዳኑ ስላልታደሰ የእነ ጌታነሽ ቤት አፈሰሰ። ሌሊት ጠብታው ሲቀሰቅሳት ማንንም ሳታማርር ተነሥታ ሳህን ከሥሩ ታኖር ነበር።

ልጆቼ፣ እኛ የሸሸግነው ጥፋት ሌላውን ሰው ለብርድ ይዳርጋልና፣ ያጠፋ ቶሎ ይናገር፣ የቸገረውም ሳያፍር ይጠይቅ።