ባዶ የተተወች ተራ

ይሄን አንብባችሁ «ፈጠራ ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። በሉ። የወንድሜ ትራምፔት ግን ይሄን ስጽፍላችሁ አልጋዬ ስር ነው።

ባለቤቱ...

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያለፈው ኅዳር ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር።

ሳሌም እባላለሁ። መሣሪያ አልጫወትም፣ ጃዝ ግን አያመልጠኝም። ታናሽ ወንድሜ ነብዩ ትራምፔቱን ይዞ በሄደበት ሁሉ ስልኬን ይዤ እየተከተልኩ እቀዳዋለሁ። ከስንት ነፊ መሀል እለየዋለሁ። ሁልጊዜ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው። «ለገዛ ሠርግህም ትዘገያለህ» እያልን እንስቅበት ነበር።

የዚያን ቀን ዋዛ ልንሰማ ሄድን። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፣ ተራው ሲደርስ ይነፋታል። ዜማው የሚሞላው በሁሉም ነው።

እየዞሩ ሲነፉ አንድ ነገር ቀፈፈኝ።

በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ይቀጥላሉ።

መሀላቸው ምንጣፍ ተነጥፏል። ምንጣፉ ላይ ማንም ያልያዘው ዋዛ ተጋድሟል።

«ሳሊ... ክፍተቱ ይሰማሻል?» አለኝ ነብዩ በሹክሹክታ።

«ተወው።»

«ጃዝ እኮ ይሄው ነው። ክፍት ካገኘሽ መግባት ነው!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ትራምፔቱን አነሳ። ቦታዋ ስትደርስ ገባ።

ትንሽ ዘግየት ብሎ።

ነፊዎቹ አላቆሙም። ግን ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

የቡድኑ መሪ ሼህ ሐምዳን መጥተው ክንዴን ያዙኝ። 

«ወላሂ፣ እሱ ለምን ነፋ? ቦታው ሰው አለ።»

«የማን ነው፣ ሼህ?»

«ዋሊድ። ልጄ። እሱ ሞተ። ይሄ ዓመት ለእሱ ተውን። ሰው አይገባም።»

ይቅርታ ጠይቀን ወደ አሶሳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ነብዩ ያወራል፣ ይስቃል። ወሬው መሀል ግን በድንገት ዝም ይላል... አየር ይስባል... ከንፈሩን ይሰበስባል... ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ጣቴን ጉልበቴ ላይ እየመታሁ ጠበቅሁት። የዋዛው ዙር ነው። እዚያችው ቦታ ላይ ነው ዝም የሚለው።

«ነቢ፣ ምን ሆነሃል?»

«ተራዬ ነው» አለኝ።

ፈራሁ። እቤት እንደገባን የፈለገውን እንዲነፋልኝ ለመንኩት። ጣቶቹ ቁልፎቹን ሁሉ ይጫናሉ፤ የሚወጣው ግን አንዲት ድምፅ ናት። ያችው ክፍተቱ ላይ የነፋት።

ጠዋት ስነሳ የለም። ትራምፔቱ አልጋው ላይ። ጫማው በሩ ጋ።

እንዴት ወደ መንደሩ እንደደረስኩ አላውቅም። ዋዛው ከሩቅ ይሰማል። ምንጣፉም እንደተነጠፈ ነው፣ ዋዛውም እንደተጋደመ።

ሼህ ሐምዳን ግን እንደ ትናንቱ አልነበሩም። አዲስ ልብስ ለብሰዋል።

«ሼህ፣ ወንድሜ የት ነው? እባክዎ!»

ዓይኔን አላዩኝም።

«አንተ አትጠይቅ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ከዚያ በሹክሹክታ... «ዋሊድ ተመለሰ። ቤት ገባ።»

ከኋላቸው ካለው የቀርከሃ ቤት ሳል ተሰማኝ። ደረቅ ሳል። ጉሮሮው ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ሰው ሳል።

ሼሁ ሄደው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

 ዙሩ እየተጠጋ ነው። ነፊዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ቦታዋ ስትደርስ ሁሉም ዋዛቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

ምንጣፉ አጠገብ ማንም የለም።

ዝምታ...

ከዚያ ምንጣፉ ላይ የተጋደመው ዋዛ ጮኸ።

ትንሽ ዘግየት ብሎ።