የሁለተኛው ጉዞ ቀስቶች

እሷ እንደምትለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ የዘጋው እሱ ነው። እሱ እንደሚለው ደግሞ የዘጋው ኔትወርኩ ነው፤ ገደል ሥር የቆመ ሰው ስልክ መቼም እንደፈቀደው ነው የሚሠራው። እሷ «አምባርሽን አውልቄዋለሁ» ያላት ጮኾ እንደሆነ ታስታውሳለች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያውም አስቦበት እንደተናገረው ይምላል። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያች ስልክ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነዋል።

ሆድና ጀርባ ሆኖ አንድ መሥሪያ ቤት መዋል አድካሚ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ድንጋይ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። እሱ ከገደል ቆርጦ ያመጣል፣ እሷ ትለካለች። ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያሉት ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች የምድር መግነጢስ በዚያን ዘመን ወዴት ያመለክት እንደነበር ይዘው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ሰሜንና ደቡብ ቦታ ቢለዋወጡ እንኳ ድንጋዩ የያዘውን አይለቅም። ግን ድንጋዩ ገደሉ ውስጥ እንዴት ተኝቶ እንደነበር ካልታወቀ የያዘው ነገር አይነበብም። ስለዚህ እሱ ከመንቀሉ በፊት ኮምፓስ ይዞ በላዩ ላይ ቀስት ይስልበታል። ባልደረቦቹ «ቀስቴ» ይሉታል። እሷን ደግሞ «እሜቴ ምድጃ» ይሏታል፤ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያጋለች፣ በኋላ ዘመን የተለጠፈበትን ደካማውን ምልክት እያራገፈች፣ የመጀመሪያው ብቻ እስኪቀር የምትጠብቀው እሷ ነች።

መለኪያው ክፍል ብረት አይገባም። በሩ ላይ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ቁልፍ፣ ስልክ፣ የፀጉር መርፌ፣ ቀበቶ ሁሉ እዚያ ይራገፋል። ቀስቴ ሥራ የጀመረ ዕለት ቀበቶውን ፈትቶ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን በሌላው የድንጋይ ከረጢቱን ይዞ ገባ። እሷ መርፌዋን አውጥታ ስለነበር ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኗል። ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«እንደፈለግሽ ሳቂ» አላት። «እኔ ግን ለሰላምታ የሚሆን እጅ የለኝም።»

ፍቅራቸው የጀመረው እዚያ ነው። የተሰናከለው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ሊፍት በሌለው መኖሪያዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አባቷ አሉ። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሾፌርነት ያሳለፉ ሰው፣ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው ኑሯቸው። ልጃቸው ጠዋት አጥባ፣ አልብሳ፣ ቁርስ አብልታ ሥራ ትገባለች፤ ማታ ተመልሳ ያንኑ ትደግማለች። ታላቅ እህቷ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ይዛ የምትመጣው በአብዛኛው ምክር ነው። ልጅቷ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይዟት ፌርማታዋን ማለፍ ከጀመረች ቆይታለች።

ቀስቴ ሩቅ ተራሮች ሥር የሦስት ዓመት ሥራ ከነመኖሪያ ቤቱ ሲያገኝ፣ ተጋብተን አብረን እንሂድ አላት። «አባባን ለማን ጥዬ?» አለችው። እሱም «እስቲ ላስብበት» አላት። እሷ ግን መልሱን ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ጉልበት አልነበራትም። ለሁለተኛው የድንጋይ ጉዞ ሊነሳ ሲል ግን፣ እንደ እርቅ ይሁን ብላ ከመንገድ ዳር አንድ የቆዳ አምባር ገዝታ ሰጠችው። የወደደችው ጫፍና ጫፉ ሲቀራረቡ በራሱ ስለሚገጥም ነበር። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ያው የመሄድና የመቅረት ክርክር አገርሽቶ፣ ያቺ ስልክ የመጣችው።

አሁን ድንጋዮቹ ሌላ ጠብ ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ጉዞ የመጡትና በሁለተኛው የመጡት ከአንድ የድንጋይ ንጣፍ የተቆረጡ ናቸው፤ አብረው ፈሰሱ፣ አብረው ቀዘቀዙ። አንድ አቅጣጫ መናገር ነበረባቸው። የሁለተኛው ጉዞ ግን ሁሉም፣ እንደ ተማከረ ሰው፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አሉ። አለቃቸው ጡረታ የተቃረቡ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ነበሩ። «ወይ ምድጃው ነው፣ ወይ ቀስቱ» አሉ። «ተነጋግራችሁ ንገሩኝ፤ አለዚያ ሁሉንም እጥለዋለሁ።» ለቀስቴም፣ የሩቁ ሥራ መልስ ሰኞ እንደሚፈለግ አስታወሱት።

ምድጃውን ደጋግማ ፈተሸች፤ እንከን የለውም። እሱ ደግሞ ቀስቱን እንደማይሳሳት ያውቃል። ፀሐይ ቢኖር በጥላ ያመሳክረው ነበር፤ ያን የጉዞ ሰሞን ሙሉ ደመና ነበር እንጂ።

ዓርብ ከሰዓት ለክርክር መጣ። በሩ ላይ ቁልፉን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ፣ ቀበቶውን ፈታ። ከዚያ ትንሽ አመነታና ጀርባውን ሰጣት። እጅጌውን ሰብስቦ ከክንዱ አንድ ነገር አወለቀ።

አምባሩ ከእጁ ወርዶ ታች አልደረሰም። ቅጭ ብሎ የብስኩቱ ቆርቆሮ ጎን ላይ ተጣበቀ።

ሁለቱም አዩት። እሷ ቀስ ብላ መጥታ አምባሩን ከቆርቆሮው አላቀቀችው፤ መልሳ ስታስጠጋው አሁንም ሄዶ ተጣበቀ። መግጠሚያው ከቆዳው ሥር ማግኔት ነበረበት። ቀኑን ሙሉ መርፌ አውልቁ፣ ቀበቶ ፍቱ ስትል የምትውል ሴት፣ ኮምፓስ ለሚይዝ ሰው ማግኔት ሸልማለች።

«ኮምፓሱን በየትኛው እጅህ ነው የምትይዘው?»

«በዚሁ።»

«አውልቄዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። «ብዬሻለሁ።»

ሁሉም ድንጋዮች እኩል ነው የዘነበሉት። አንዷ እንኳ አልቀናችም። ከስልኩ በፊት የተሳለውም ሆነ ከስልኩ በኋላ የተሳለው ቀስት አንድ ነው፤ ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ድንጋይ እንኳ አላወለቀውም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች፤ ሁለቱም ግን ጉልበት ይጠይቃል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«የሁለታችንም ነው» አላት፣ ሱሪውን እንደያዘ።

ማታ አባቷን ሾርባ ስታጠጣ፣ «ያ ሱሪውን ይዞ የገባው ልጅ ምነው ጠፋ?» አሏት። ዝም አይነቅዝም ብላ የቆየችውን ሁሉ ያን ጊዜ ነገረቻቸው፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ተራሮቹ፣ ለእሱ ስለሰጠችው መልስ። እሳቸው ማንኪያውን በእጃቸው ገፋ አደረጉ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

«አባባ…»

«ዕድሜ ልኬን ሰው ጭኜ ወደሚሄድበት ሳደርስ ኖርኩ። ዛሬ በእኔ ሰበብ ሁለት ሰው ፌርማታ ላይ ሲቀር ዝም ብዬ ልይ? እዚያ የሚሰጡት ቤት ፎቅ ነው?»

«ምድር ቤት ነው አሉ።»

«በር አለው?»

«በር የሌለው ቤት አለ እንዴ?»

«ለእኔ ማለቴ ነው። በወንበሬ የምወጣበት በር።»

ሐኪም ቢያስፈልግስ አለቻቸው። እዚህስ ደረጃውን ወጥቶ ያያቸው ሐኪም የታለ ሲሉ መለሱላት። እህቷስ ምን ትላለች? ምክሯን በስልክ ትላክ አሉ። ልጅቷ የሾርባውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልጠየቀቻቸው ለራሷም አልገባትም። የደከመ ሰው አይጠይቅም፤ ይሸከማል እንጂ።

ሰኞ ጠዋት አለቃቸው በሁለቱ መካከል ቆሙ። ስለ አምባሩ ሰምተዋል፤ ሲስቁ መነጽራቸውን እስከማውለቅ ደርሰው ነበር። ቀስቴ ወደ ገደሉ ተመልሶ፣ ድንጋዮቹ የተነቀሉባቸው ጉድጓዶች ላይ አቅጣጫውን እንደገና እንዲለካ ወስነዋል። «የሩቁን ሥራስ ምን ልበላቸው?» ብለው ዞሩበት።

ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። እሷን ሳያይ፣ «እቀራለሁ በሉልኝ» አለ። «እዚሁ…»

«አይበሉላቸው» አለች እሷ።

ዞሮ አያት። ፀጉሯ እንደዚያ ቀን ፊቷ ላይ ወርዷል፤ ከዓይኗ ሥር ድካሙ እንዳለ ነው።

«እንሄዳለን። ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው፤ አንተ ቀስት ስትስል አምባሩን የሚይዝልህ አባባ ነው።»